ያልሰጠመ ሰው ምስክር አይሆንም

ከደረሰን ደብዳቤ፦

«ጤና ይስጥልኝ። ዕድሜዬ 24 ነው። የምኖረው ባሕር ዳር ነው። ከሁለት ዓመት ወዲህ ምናባዊ ልቦለድ እየጻፍኩ ነው። ዋና ገጸ ባሕርዬ እናኑ ትባላለች፤ የዘጌ ልጅ ናት። እናኑ ጣና የሚወስደውን ሰው ስም ከሦስት ቀን በፊት ትሰማለች። ውሃው በሌሊት ይጠራዋል፤ የምትሰማው እሷ ብቻ ናት። ከአያቷ የወረሰችው ነው፤ ግን አልፈለገችውም። አሥራ አንድ ምዕራፍ ሙሉ ስትሸሸው ቆይታ ምዕራፍ 12 ላይ ትቀበለዋለች። ችግሬ እዚህ ላይ ነው። አራት ጊዜ ጻፍኩት። በአራቱም ጣና ደሴት ላይ ወዳለው ክብራን ገብርኤል ገዳም ትሄዳለች፤ አንድ ባሕታዊ ‹ልጄ፣ ይህ ዕጣሽ ነው› ይላታል፤ ታለቅስና ትቀበላለች። ጓደኛዬ አንብባ ‹አላመንኳትም› አለችኝ። ወንድሜ ደግሞ እንዲህ ያለ ታሪክ የፈረንጅ ነው ይለኛል። እናቴ ምዕራፍ 3ን አንብባ ሁለት ቀን አኮረፈችኝ። የእናቴ እናት ያየችው ሕልም ይደርስ ነበር፤ ሰው ይፈራት ነበር ይባላል። ስለዚያ ቤታችን ውስጥ አይወራም። ልቦለዱን ልተወው ወይስ ልቀጥል? እናኑንስ እንዴት ላሳምናት?»

የጣና ዳር ልጅ

ውድ የጣና ዳር ልጅ፣

ቀጥይ። ይህን መጀመሪያ ልበልሽ፤ ሌላው ቀስ ብሎ ይደርሳል።

ከደብዳቤሽ ጋር የላክሻቸውን ምዕራፎች ሁለት ጊዜ አነበብኳቸው። ምዕራፍ 5 ላይ እናኑ የጧፍ ሰም አለስልሳ ጆሮዋን ደፍና ትተኛለች። ሌሊት ግን ስሙን ትሰማዋለች። ጠዋት ሰሙን ስታወጣው የጣቷ አሻራ ታትሞበታል፤ ቀዳዳ የለውም። ድምፁ በጆሮ እንደማይመጣ ያኔ ይገባታል። አንድም ቦታ ላይ «ፈራች» አላልሽም። እኔ ግን ፈራሁ። እንዲህ የሚጽፍ ሰው መተው የለበትም።

አሁን ወደ ምዕራፍ 12 እንምጣ። ጓደኛሽ ልክ ናት።

እናኑ እስከዚያ ድረስ እምቢ ያላለችው ሰው የለም። እናቷን እምቢ ብላለች። የንስሐ አባቷን እምቢ ብላለች። ልታገባው የነበረውን ልጅ እንኳ «ከእኔ ጋር አትኑር» ብላ መልሳዋለች። ታዲያ አይቷት የማያውቅ ባሕታዊ በአንድ ቃል እንዴት አሳመናት? ባሕታዊው የመጣው አንቺን ለማሳረፍ ይመስለኛል። ሁለት ዓመት ከአንድ ሰው ጋር ስትኖሪ መከራዋ እንዲያበቃላት ትመኛለሽ። ደክሞሻል። ይገባኛል። ግን እሷ ገና አልደከማትም።

ሌላም ነገር አለ። ክብራን ገብርኤል ሴት አይወጣበትም። የባሕር ዳር ልጅ ነሽና ይህ አይጠፋሽም። «ምናባዊ ነው፤ ሕጉን መቀየር እችላለሁ» ትዪ ይሆናል። ትችያለሽ። እኔ ግን አትቀይሪው እላለሁ። እስቲ እንዳለ ተዪውና የሚሆነውን ተመልከቺ።

እናኑ በታንኳ ደሴቱ ሥር ትደርሳለች። ቀዛፊው ይወርዳል። ዳገቱን ይወጣል። እሷ ታንኳው ላይ ትቀራለች። ከላይ፣ ከዛፎቹ ውስጥ፣ የቅዳሴ ድምፅ ይሰማታል። መልሱ ያለው እዚያ ላይ ነው ብላ ነው የመጣችው። ማንም አይወርድላትም። ፀሐዩ ይበረታል። ታንኳው የተሠራበት ደንገል ከሥሯ ውሃ እየጠጣ ይከብዳል። ቀሚሷ ከታች ይረጥባል። ቀዛፊው የመስቀል እምነት በወረቀት ጠቅልሎ ያመጣላታል፤ ትቀበለዋለች፤ ይመለሳሉ።

ይህን ጻፊው። ምዕራፍ 12 ሳይሆን ምዕራፍ 10 ይሁን። ከዚያ ወዲያ የሚነግራት ሽማግሌ የለም።

አንድ ጥያቄ ደግሞ መልሺልኝ። እናኑ እምቢ የምትለው ምኑን ነው?

«ጸጋውን አልፈለገችውም» የሚል ዓረፍተ ነገር ስድስት ቦታ አግኝቻለሁ። ለምን እንዳልፈለገችው የሚታየው ግን አንድ ቦታ ብቻ ነው። እሱም በጨረፍታ። ምዕራፍ 3 ላይ አያቷ ለቡና ወደ ጎረቤት ስትገባ ሴቶቹ ልጆቻቸውን አንድ በአንድ ወደ ጓዳ ያስገባሉ። ማንም ክፉ አልተናገረም። «ግቢ፣ ግቢ፣ ቁጭ በይ» ይሏታል። ስኒም ይሰጧታል። ልጆቹ ግን ከቤቱ ጠፍተዋል። ነገሩ ሁሉ እዚያ ጋ አለ። አራት መስመር ሰጥተሽው አለፍሽ።

በእኛ አገር አንድ ሰው ላይ እንዲህ ያለ ነገር ሲታይ መጀመሪያ የሚጠየቀው «ከማን ነው?» ነው። ከላይ ነው ወይስ ከሌላ? ጸጋ ነው? ውቃቢ ነው? ዛር ነው? ዓይነ ጥላ ነው? አንዱ ጠበል ይላል። ሌላው ክታብ ይላል። ሌላዋ ዝም ብላ ልጇን አቅፋ ትሄዳለች። እናኑ ድምፁን ትፈራለች፤ እውነት ነው። ከድምፁ የበለጠ ግን የሚወጣላትን ስም የምትፈራ ይመስለኛል። አያቷን «ውሃ ጠሪዋ» ይሏት ነበር ብለሽ ጽፈሻል። ሴትዮዋ የሰማችውን ነው የተናገረችው። ሰዉ ግን እሷ የጠራችው አደረገው። አንዴ ስም ከወጣ ዘጌን በሚያህል ባሕረ ገብ መሬት ላይ ወዴት ይኬዳል?

ይህን «ከማን ነው?» የሚለውን ጥያቄ አትመልሺው። ጠበል ትጠመቅ። ሰባት ቀን ትጠመቅ። በስምንተኛው ሌሊት ስም ትስማ። የንስሐ አባቷ ደግ ሰው ናቸው፤ እሳቸውም ግራ ይግባቸው። «ጸልዪ ልጄ፤ እኔም እጸልያለሁ» ብለው አንገታቸውን ይድፉ። ሊቅ ሆነው ከሚፈቱላት ይልቅ ግራ ገብቷቸው አብረዋት ቢቀመጡ እወዳቸዋለሁ።

ጾመ ነነዌን እየጾምን ላደግን ሰዎች እምቢተኛ ባለ ጸጋ እንግዳ አይደለም። ዮናስን ታውቂዋለሽ። ወደ ነነዌ ሂድ ሲባል ወደ ተርሴስ መርከብ ተሳፈረ። ማዕበል ተነሣ፤ ባሕር ውስጥ ተጣለ፤ ሦስት ቀንና ሦስት ሌሊት በዓሣ ሆድ ውስጥ ቆየ። ይህን ሕፃን ሁሉ ያውቀዋል። ብዙ የማይወራው የመጨረሻው ምዕራፍ ነው። ዮናስ ሄደ። ከተማዋ ትጠፋለች ብሎ ተናገረ። ሰዉ ማቅ ለብሶ ጾመ፤ ከተማዋ ተረፈች። ዮናስስ? ተቆጣ። ከመኖር ሞት ይሻለኛል አለ። ከከተማዋ ወጥቶ ዳስ ሠርቶ ተቀመጠ። መጽሐፉ የሚያልቀው በእግዚአብሔር ጥያቄ ነው፤ ግራና ቀኛቸውን የማይለዩ ከ120,000 የሚበልጡ ሰዎች ላሉባት ከተማ አልራራምን? ይለዋል። ዮናስ ምን ብሎ እንደመለሰ አልተጻፈም።

ይህን የምነግርሽ ለምዕራፍ 12 ስለሚጠቅምሽ ነው። ዮናስ በእግሩ ተቀብሏል፤ ልቡ ገና ነው። ስለዚህ እናኑም ስትቀበል ሰላም ማግኘት፣ ማልቀስ፣ መብረቅረቅ የለባትም። እየተናደደች መቀበል ትችላለች። ከዚህ የሚበልጠው ግን ሁለተኛው ነገር ነው። ዮናስን ያስቆጣው ምን ነበር? ይመጣል ብሎ የተናገረው ጥፋት መቅረቱ። ሰዉ ሰምቶት ዳነ፤ የተናገረውም ሳይሆን ቀረ።

እናኑ የተያዘችበት ቋጠሮ ይሄ ነው፤ አንቺ ግን ገና አልነካሽውም። ዝም ብትል ሰውየው ይሰጥማል። ልክ እንደነበረች የምታውቀው እሷ ብቻ ናት። ብትናገርና ሰውየው ቢቀርስ? ምንም አይሆንም። ጣና ጸጥ ብሎ ይውላል። ሰውየው ደህና ነው። «ዋሸች» ይላል። ጎረቤትም «ዋሸች» ይላል። ጸጋዋ በትክክል በሠራ ቁጥር ውሸታም ትባላለች። ያልሰጠመ ሰው ምስክር አይሆናትም።

አክስቴን ልንገርሽ። የጣና ዳር ሴት ናት። ሕልም ታያለች ይባል ነበር፤ እሷ ግን ስለ ሕልሟ ስትናገር የሰማሁት ሦስት ጊዜ ቢሆን ነው። አንድ ቅዳሜ ባሏ ሁለት ጆንያ ሎሚ ይዞ ወደ ባሕር ዳር ገበያ ሊሻገር ተነሣ። ሎሚው ተጭኗል። ጓደኞቹ በየታንኳቸው ቆመው ይጠብቁታል። አክስቴ በባዶ እግሯ ወርዳ የታንኳውን ገመድ ያዘች። አልጮኸችም። «ዛሬ አትሄድም» አለች። ለመናት። ተቆጣት። «በሰው ፊት አታዋርጂኝ» አላት። እሷ ገመዱን እጇ ላይ ሁለት ዙር ጠቅልላ ጭቃው ላይ ቁጭ አለች። ጓደኞቹ ሄዱ። ገበያው አለፈ። ማታ ሁሉም በሰላም ተመለሱ፤ ጨውና ሳሙና ይዘው።

ሎሚው ቤት ውስጥ በሰበሰ። ሁለት ሳምንት ሙሉ ቤቱ ሎሚ ሎሚ ሲሸት ትዝ ይለኛል። መጀመሪያ ሽታው ደስ ይል ነበር። በኋላ የጆንያው ሥር ረጠበ፤ ሎሚው ሲነካ ጣት ውስጥ ይሰምጣል፤ ላዩ ላይ አረንጓዴ ሻጋታ አወጣ። አክስቴ ደህና ደህናውን ለቅማ ለጎረቤት አደለች። ጎረቤት እየሳቀ ተቀበላት።

ከዚያ በኋላ አጎቴ በየድግሱ ያን ሎሚ ያነሣ ነበር። «ወይ ሎሚዬ!» ሲል ሰው ሁሉ ይስቃል። እሷ ቡና ትቀዳለች። ይህ ሃያ ዓመት ያህል ቆየ። ትልቅ ሰው ከሆንኩ በኋላ አንድ ቀን አጠገቧ ተቀምጬ ስኒ እያጠብኩ ጠየቅኳት። «አይቆጭሽም?» አልኳት። በአገጯ ወደ ሳሎን አመለከተችኝ። አጎቴ መሐል ተቀምጦ፣ እጁን እያወናጨፈ፣ ያንኑ ያወራል።

«ማነው ታዲያ እዚያ ቁጭ ብሎ የሚስቅብኝ?» አለችኝ። ከዚያ ስኒውን ከእጄ ወስዳ ደግማ አለቀለቀችው።

ያን ቀን ቢሄድ ይሰጥም ነበር? እሷም አልጠየቀችም። እኔ መቀበል ሲባል የሚታየኝ እጇ ላይ የተጠቀለለው ያ ገመድ ነው። ደግሞም ያ ሁሉ ዓመት የቀዳችው ቡና።

ስለዚህ ምዕራፍ 12 ላይ ስም ይጠራ። የማን ይሁን? የአባቷ አይሁን። የዚያ ልጅም አይሁን። ለሚወዱት ሰው ማንም ይሮጣል፤ ጸጋም አያስፈልገውም። እኔ ብሆን ምዕራፍ 2 ላይ ያለውን እንጨት ጫኙን አመጣዋለሁ። ከዘጌ እንጨት በታንኳ ከምሮ ባሕር ዳር እየሸጠ የሚኖረውን። «ውሃ ጠሪዋ» የሚለውን ስም ለአያቷ ያወጣው እሱ ነው። በዚያ ሌሊት እናኑ የሱን ስም ትስማ። ሦስት ቀን አላት። አንደኛውን ቀን ምንም አታድርግ። ደስ ይበላት እንኳ። እንዲህ ያለ ክፉ ነገር በልቧ እንዲያልፍ ፍቀጂላት፤ ያኔ ሰው ትሆናለች።

በሦስተኛው ቀን ማለዳ ወደ ውሃው ትውረድ። «ውሃው ጠርቶሃል» አትበለው፤ አያቷ ያንን ሞክራዋለች። «እንጨትህን ስንት ነው?» ትበለው። «ስንቱን?» ይላል። «ሁሉንም» ትበለው። ሳትከራከር ትክፈለው። ገንዘቡ ለሰርጓ ከቡና ያጠራቀመችው ነው፤ ሰርጉ ቀርቷል፤ ገንዘቡ አለ። ሰውየው በልቡ «ይቺ አብዳለች» እያለ ብሩን ይቆጥራል። ተሸክሞም ደጇ ድረስ ይከምርላታል። ያን ቀን አይሻገርም። ለምን ይሻገራል? ጣና እንደ መስተዋት ሆኖ ይዋል። አንድ ሞገድ አይነሣ። እሷ ደጃፏ ላይ የማትፈልገው እንጨት ተከምሮ ትቀመጥ። አላፊ አግዳሚው ይሳቅ። እናቷ «ምን ሆነሽ ነው?» ትበላት። እዚያ ላይ ምዕራፉን ዝጊው። «ተቀበለችው» የሚለውን ቃል አትጻፊው። አንባቢሽ ይገባዋል።

ጸጋው ገደብ ያስፈልገዋል፤ ይህንንም ከዘጌ ውሰጂው። በዘጌ ሲነገር የኖረውን ታውቂያለሽ፤ እዚያ ገዳም የመሠረቱት የአቡነ በትረ ማርያም በትር ተከፋፍሎ ቡና፣ ጌሾና ሎሚ ሆነ ይባላል። ሕዝቡ ከነዚህ ይኖራል። ግን በሬ ጠምዶ አያርስም፤ ጫካው እስከ ዛሬ የቆመው በዚህ ነው። እይው እንግዲህ፤ ስጦታው ከነግዝቱ ነው የመጣው። የእናኑ ግዝት ምንድን ነው? በጻፍሽው ውስጥ የለም። የሰማችውን እንደፈለገች ትናገራለች፤ እንደፈለገች ዝም ትላለች። የማይደረግ ነገር አስቀምጪላት። ለምሳሌ ዋጋ አትቀበልበት፤ ወይም የሰማችውን ስም ከባለቤቱ በቀር ለማንም አትንገር። እኔ ሁለተኛውን እወደዋለሁ። ብቻዋን ያደርጋታል። ለምዕራፍ 12ም ይመቻል፤ ለእናቷ እንጨቱን ለምን እንደገዛች መንገር አትችልም።

ዕረፍትም ያስፈልጋታል። የደንገል ታንኳ ውሃ ላይ ከዋለ ይጠጣል፤ ይከብዳል። ስለዚህ ጎትተው አውጥተው ዳር ላይ ያቆሙታል። በአሥር በአሥራ አምስት ተደርድረው ሲደርቁ አይተሻል፤ ከሩቅ ሰው ይመስላሉ። እናኑ አንድም ቀን ከውሃው አልወጣችም። አሥራ አንድ ምዕራፍ ሙሉ እሸሻለሁ ትላለች እንጂ ከዘጌ አልተነቃነቀችም። ላኪያት። መራዊ ዘመድ ይኑራት። እዚያ ምንም አትስማ። መጀመሪያ ሳምንት እንደ ሕፃን ትተኛ፤ ትብላ፤ ትወፍር። በሁለተኛው ሳምንት ሌሊት ትንቃ። ጸጥታው ያስጨንቃት። አሁን ማን እየተጠራ ይሆን? የሚል ሐሳብ ይግባባት። ከዚያ ራሷ ትመለስ። ማንም ሳይጠራት፣ በእግሯ፣ በገዛ ፈቃዷ። ይህ ምዕራፍ 11 ይሁን፤ ያለበለዚያ እንጨቱን የምትገዛዋ ሴት ከየት መጣች እንላለን።

ስለ ወንድምሽ በአጭሩ ልመልስ። ጣና ላይ መንፈሳዊ ነገር የገጠማት ሴት ለመጻፍ ከፈረንጅ መበደር የለብሽም። ቅድስት ወለተ ጴጥሮስ እ.ኤ.አ. ከ1592 እስከ 1642 የኖረች ናት። ባል ያላት፣ የቤተ መንግሥት ሰዎችን የምታውቅ ወይዘሮ ነበረች። አፄ ሱስንዮስ ወደ ካቶሊክ እምነት ሲገቡ ቤቷን ጥላ መነኮሰች፤ ንጉሡን ተቃወመች፤ ተከሰሰች፤ ተጋዘች፤ ተከታይ አፈራች። መቃብሯም ሬማ ደሴት ነው፤ እዚሁ ጣና ላይ። ገድሏ ተጽፎላታል። ወንድምሽ ይህን ሰምቶ ነገሩን እንደገና ያስብበት።

ግን አንድ ነገር ላይ እውነት አለው። ምዕራፍ 8 ላይ የእናኑ እጅ ሰማያዊ ብርሃን ያወጣል። እሱ ከፊልም የመጣ ነው። አውጪው። ጣናንም «ወሰን የሌለው ጥልቅ» ብለሽዋል። ጣና ሰፊ ነው፤ ከ3,000 ካሬ ኪሎ ሜትር በላይ ነው። ጥልቅ ግን አይደለም፤ ጥልቁ የተባለው ቦታ 15 ሜትር ገደማ ነው። ለእኔ ይሄ ይበልጥ ያስፈራል። ጠዋት እንደ ተዘረጋ ነጠላ ጸጥ ብሎ ያሳልፍሻል። ከሰዓት በኋላ ነፋሱ ሲነሣ ያው ውሃ ይገለብጥሻል። ክረምት ላይ ደግሞ ግልገል አባይ፣ ርብ፣ ጉማራና መገጭ ደለል ተሸክመው ሲገቡ ማኪያቶ ይመስላል፤ እጅሽን ብትከቺ ጣትሽ አይታይሽም። ሰው የሚጠራ ውሃ እንዲህ ያለው ይመስለኛል። በየቀኑ የምታይው ስለሆነ ዘልለሽው ይሆናል።

የመጨረሻው የእናትሽ ነገር ነው። ይህን ለመጻፍ ሦስት ቀን አሰብኩ።

ያን የቡና ትዕይንት ከየት አመጣሽው? ከራስሽ ነው ካልሽ አምንሻለሁ። ጽሑፍ አንዳንዴ ሳይነገረን የቆየውን ያገኛል። እናትሽ ግን እዚያ ቤት የነበረች ይመስለኛል። አያትሽን ስትፈራ የኖረችው የሰፈሩ ሴት ልጇን ወደ ጓዳ ታስገባለች፤ የአያትሽ ልጅ ግን ወዴት ትገባለች? ከእናቷ ጋር ነው የመጣችው። ሌሎቹ ሲጠፉ እሷ ብቻዋን መሐል ቤት ትቀራለች። ሁለት ቀን ያኮረፈችሽ ይህን አንብባ ከሆነ ኩርፊያው በአንቺ ላይ አይመስለኝም።

ፈቃድ ጠይቂያት አልልሽም፤ እናኑ ያንቺ ናት። እናትሽን ግን ስለ እናቷ ጠይቂያት። ቡና አፍይላት። ደብተር ይዘሽ አትቀመጪ። ስልክሽንም አስቀምጪው። «እማ፣ አያቴ እንዴት ነበረች?» በያት እንጂ «ሕልም ታይ ነበር ወይ?» ብለሽ አትጀምሪ። ምን ትወድ እንደነበር፣ ምን እንደምታበስል፣ ስትስቅ አፏን ትሸፍን እንደነበር ጠይቂያት። ዝም ካለች አብረሻት ዝም በይ። በሦስተኛው ቡና ላይ የሚወጣ ወሬ አለ። «ይህን አትጻፊ» ያለችሽን አትጻፊ፤ የዘመድ ዓይን የሚያውቀውን ምልክት ሁሉ ለውጪ። አያትሽ ግራ እጇን ትጠቀም ከነበረ የእናኑ አያት ቀኝ ትሁን።

ከፈቀደችልሽ ደግሞ ምዕራፍ 3ን እንደገና ጻፊው። አራት መስመር አይበቃውም። ሴቶቹ ልጆቻቸውን ያስገቡ፤ ስኒው ይቀዳ፤ ከበሩ አጠገብ፣ የእናቷን ቀሚስ ይዛ የቆመችውን አንዲት ሕፃንም አስገቢያት።